ሳይቃጠል በቅጠል
እሾሃማውን ወራሪ ዛፍ ከሥሩ ስለ መንቀል

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ቡኻሪና ሙስሊም ከዘገቧቸው ሐዲሦች መካከል ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው አንድ ታሪክ አለ። አንድ ሰው መንገድ ሲሄድ እሾሃማ ቅርንጫፍ አገኘ፤ አላፊ አግዳሚውን እንዳይወጋ ብሎም ከመንገዱ ገለል አደረገው። አላህም (ሱ.ወ) ይህን ሥራውን ወደደለት፤ ምሕረትም አደረገለት። ሰውዬው ያነሳው አንድ ቅርንጫፍ ነው፤ ሥራው የደቂቃ ሥራ ነው። ሆኖም ከሰዎች ላይ ጉዳትን ማስወገድ በአላህ ዘንድ ምን ያህል እንደሚመዝን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ አስተማሩን። ጉዳትን ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑንም ነግረውናል።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ቅርንጫፍ አይደለም። መንገዱን፣ ግጦሹንና የወንዙን ዳር በሙሉ ስለያዘ እሾህ ነው። በአዋሽ ወንዝ ዙሪያ ከብትና ግመል አርብተው የሚኖሩ የአፋር ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ከአርባ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ከዚህ ዛፍ ጋር እየታገሉ ነው። የሳይንስ ሰዎች ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ይሉታል። አፋሮች «ደርጊ ሀራ»፣ የደርግ ዛፍ ይሉታል፤ በደርግ ዘመን መጥቷልና። ሌሎች ደግሞ ከዚያ በኋላ በመጣው ዘመን ስም ይጠሩታል። ሶማሌዎች «ገረንዋ» ይሉታል፤ ምንነቱ ያልታወቀ እንደ ማለት ነው። ሕዝብ ለአንድ ዛፍ እንዲህ ያለ ስም ሲያወጣለት የእኔ አይደለም ማለቱ ነው።

ዛፉ ከየት መጣ?

ፕሮሶፒስ የተፈጥሮ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ከሜክሲኮ ጀምሮ በመካከለኛው አሜሪካና በካሪቢያን ደሴቶች አልፎ እስከ ደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ይበቅላል። ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያና በ1980ዎቹ ውስጥ ነው። በድሬዳዋ አካባቢና በመካከለኛው አዋሽ የጥጥ እርሻዎች ዙሪያ ተተከለ። ያስተከሉት ሰዎች ክፉ አላሰቡም። ድርቅ አገሩን አቃጥሎት ነበር፤ አሸዋውን ነፋስ ያነሳው ነበር፤ ማገዶና ጥላ ጠፍቶ ነበር። ዛፉ ደግሞ ዝናብ ሳይጠብቅ ይበቅላል፤ ጨዋማ አፈር አይበግረውም፤ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። በዚያ ላይ ከብት አይቀጥፈውም፤ ቅጠሉን አይወደውምና። እንዲህ ያለ ዛፍ በበረሃ ሲገኝ ማን ይጠላል?

እኛ ብቻ አልነበርንም። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1917 አስገብታዋለች፤ ኬንያም እንዲሁ በረሃዋን ለማልማት ተክላዋለች። በጎ ኒያ ነበር። ነገር ግን ውድ አድማጮች፣ በጎ ኒያ ዕውቀትን አይተካም። ሱዳን ያን ዛፍ ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ1995 ሕግ እስከ ማውጣት ደርሳለች። በኬንያ በባሪንጎ ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች እ.ኤ.አ. በ2006 ጉዳያቸውን ይዘው ፍርድ ቤት ሄደዋል፤ የዛፉን ፍሬ በመብላት ጥርሷ የረገፈ ፍየልም ለማስረጃ ይዘው ቀርበዋል።

እንዴት ሊስፋፋ ቻለ?

ምስጢሩ ያለው ፍሬው ላይ ነው። ቅጠሉን የሚንቁት ከብቶች ፍሬውን ግን ይሻሙበታል። ፍሬው እንደ ባቄላ ባለ ረዥም ቆባ ውስጥ ነው፤ ቆባው ስኳር አለው፤ ይጣፍጣል። ግመሉ፣ ላሙ፣ ፍየሉ ይበላዋል። ቆባው በሆድ ውስጥ ይፈጫል፤ ዘሩ ግን ጠንካራ ስለሆነ ብዙው ሳይፈጭ ይወጣል። እንዲያውም በሆድ ውስጥ ማለፉ የዘሩን ልባስ ስለሚያለሰልሰው ለመብቀል ይረዳዋል። በዚያ ላይ የሚወድቀው እበት ላይ ነው፤ ማዳበሪያውን ይዞ መጣ ማለት ነው። መንጋው በሄደበት ሁሉ ዛፉ አብሮ ይሄዳል። የአዋሽ ጎርፍም ዘሩን ተሸክሞ ወደ ታች ያወርደዋል። ያልበቀለው ዘር ደግሞ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ይቆይና ዝናብ ሲያገኝ ብቅ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በአፋር ክልል ዛፉ በተለያየ መጠን የወረረው መሬት 1.17 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መድረሱን፣ ይህም የሆነው በ35 ዓመት ገደማ መሆኑን አመልክቷል። አንድ ሰው ተወልዶ፣ አድጎ፣ አግብቶ ልጆቹን ለትምህርት እስኪያደርስ ባለው ጊዜ ውስጥ ማለት ነው።

ይህ መሬት ባዶ መሬት አልነበረም። በወንዙ ዳር ትላልቅ የግራር ዛፎች ነበሩበት፤ ከሥራቸው ሳር ይበቅል ነበር፤ በበጋ ከብቱ የሚያርፈውና የሚተርፈው እዚያ ነበር። ፕሮሶፒስ ሲገባ ቅርንጫፉ ከቅርንጫፍ ይጠላለፍና ሰውም ከብትም የማያልፍበት አጥር ይሆናል። ከሥሩ ሳር አይበቅልም። የግራሩ ቡቃያ ፀሐይ አጥቶ ይቀጭጫል። እረኛው መንጋውን ወደ ውሃ የሚያወርድበት መንገድ ይዘጋበታል። እሾሁ ጫማ ይበሳል፤ የወጋው እግር ያመረቅዛል። ፍሬውን ብቻ የሚበላ ከብት ሆዱ ይታመማል፤ መንጋጋውም ይጎዳል። ጅብና ሌላም አውሬ በጫካው ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል። በአለደጌ ሜዳ ላይ ደግሞ በዓለም ቁጥሩ እጅግ ያነሰው የግሬቪ የሜዳ አህያ የሚግጠው ሳር በዚሁ ዛፍ ይጠቃል።

ሌላም አለ። በማሊ በባንዲያጋራ አውራጃ በሚገኙ 9 መንደሮች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት የወባ ትንኝ ከፕሮሶፒስ አበባ ማር እየቀሰመች ዕድሜዋን እንደምታረዝም አሳይቷል። ዛፉ ካለባቸው መንደሮች በሦስቱ አበባ የያዙት ቅርንጫፎች ሲቆረጡ የትንኞቹ ቁጥር ወደ 60 በመቶ ገደማ ቀንሷል። እንግዲህ ጉዳቱ የከብት ብቻ አይደለም፤ የልጆቻችንም ነው።

አረንጓዴ ዛፍ መንቀል ይገባል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ሙስሊም ዛፍ ሲተክል ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ ከበላለት ሶደቃ እንደሚሆንለት ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ታዲያ የቆመን አረንጓዴ ዛፍ መንቀል እንዴት ሥራ ይሆናል? በተለይ በበረሃ፣ በተለይ ጥላ በጠፋበት አገር?

ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነው። አቡዳውድ በዘገቡት ሐዲሥ ሲድርን የሚቆርጥ ሰው ብርቱ ቅጣት እንደሚጠብቀው ተነግሯል። ሲድር እኛ ቁርቁራ የምንለው ነው፤ ቅጠሉ ጀናዛ ስናጥብ ውሃው ውስጥ የምንጨምረው። ኢማም አቡዳውድ ስለዚህ ሐዲሥ ሲጠየቁ መልሳቸው እጅግ የሚያስተምር ነው። ነገሩ የሚመለከተው በበረሃ የቆመን፣ መንገደኛና እንስሳ የሚጠለልበትን ዛፍ ያለ ሐቅና ያለ ምክንያት በከንቱ የሚቆርጥን ሰው ነው ሲሉ አብራርተዋል። እንግዲህ አስተውሉ። ሚዛኑ የዛፉ አረንጓዴነት ብቻ ሳይሆን ጥቅሙና ጉዳቱም ነው። የመንገደኛው ጥላ፣ የእንስሳው ማረፊያ የሆነ ዛፍ ይጠበቃል። መንገደኛውን የሚወጋ፣ እንስሳውን የሚያስርብ፣ ያንኑ ሲድርና ያንኑ ግራር አንቆ የሚገድል ዛፍ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

በአዋሽ ዳር ቁርቁራም ግራርም አለ። ፕሮሶፒስን የሚነቅል እጅ እነዚህን ዛፎች የሚያድን እጅ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ሰማይን ከፍ አድርጎ ሚዛንን እንዳኖረና በሚዛኑም እንዳናጓድል እንዳዘዘን በሱረቱ ረሕማን እናነባለን። ዛፉ በተፈጥሮ አገሩ ሲሆን የሚበሉት ነፍሳት አሉት፤ የሚፎካከሩት ተክሎች አሉት፤ እዚያ በሚዛን ነው። ጥፋቱ ዛፍ መሆኑ ሳይሆን ያለ ቦታው መሆኑ ነው።

በዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች የኖሩ ወገኖቻችን ይህን በዓይናቸው አይተውት ይሆናል። እዚያ «ጋፍ» የሚባል ዛፍ አለ፤ የፕሮሶፒስ የቅርብ ዘመድ ነው። ጋፍ ግን የዚያው በረሃ ልጅ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ብሔራዊ ዛፋቸው አድርገው ያከብሩታል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ላወጁት የመቻቻል ዓመትም ምልክት አድርገውታል። ከባሕር ማዶ የመጣውን ዘመዱን ግን ወራሪ ብለውታል። ሁለቱን የለያቸው ቦታቸው ነው።

በእጅ እንዴት ይነቀላል?

ይህ ሁሉ መሬት በእጅ ይነቀላልን? የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ደን የሆነውን ፕሮሶፒስ በባዶ እጅ የሚያጠፋው የለም። ነገር ግን ይህ ዛፍ በእጅ የሚሸነፍበት አንድ ጊዜ አለ፤ ትንሽ ሳለ ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ዛሬ አንድ ሕፃን በሁለት ጣቱ የሚነቅለው ቡቃያ፣ ጥቂት ዓመታት ከቆየ ሁለት ጎልማሶች በዶማና በመጥረቢያ ቀኑን ሙሉ ይታገሉታል። አሁንም ዛፉ ያልደረሰባቸው ወይም ገና እየገባ ያለባቸው ቀበሌዎች አሉ። ተስፋውም ኃላፊነቱም እዚያ ነው። ሥራው እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ጊዜውን መምረጥ። ቡቃያው የሚነቀለው ዝናብ ጥሎ አፈሩ ሲረጥብ ነው። በደረቅ አፈር ሲጎተት ግንዱ ይበጠስና ሥሩ ይቀራል። አበባ አውጥቶ ፍሬ ከመጣሉ በፊትም መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ ከሥሩ መንቀል። የዚህ ዛፍ ብልሃቱ ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት ቦታ፣ ከአፈሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። እዚያ ላይ የተኙ ቡቃያ አውጪ ዓይኖች አሉ። ከመሬት በላይ የቆረጠው ሰው ገደልኩት ይላል፤ ዛፉ ግን በአንድ ግንድ ፈንታ አምስት ስድስት አቆጥቁጦ ይነሳል፤ ጭራሽ ከበፊቱ የባሰ ቁጥቋጦ ይሆናል። ስለዚህ ትልቅ የሆነውን ዙሪያውን ቆፍሮ ከአፈሩ በታች ቢያንስ 10፣ ቢቻል እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ዋናውን ሥር መቁረጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በታች የቀረው ሥር መልሶ አያቆጠቁጥም።

ሦስተኛ፣ ከዳር መጀመር። ሰው በተፈጥሮው ዓይኑን የሞላውን ጫካ መጀመሪያ ማጥፋት ይፈልጋል። ልምድ ያላቸው ግን ተቃራኒውን ያስተምራሉ። በአውስትራሊያ ሲድኒ ከተማ ጆአን እና ኢሊን ብራድሌይ የሚባሉ ሁለት እህትማማቾች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሰፈራቸው ያለውን የአገራቸውን ደን ከባዕድ አረምና ቁጥቋጦ በእጃቸው ማፅዳት ጀመሩ። ዘዴያቸው እስካሁን በስማቸው ይጠራል። ሦስት ነገር ነው ያሉት፤ ከደህናው ቦታ ጀምረህ ወደ ተበላሸው ሂድ፤ አፈሩን ከሚገባው በላይ አታናውጥ፤ የአገሩ ተክል መልሶ ከሚይዘው በላይ አትመንጥር። የደኑ መልሶ መያዝ ነው የሥራህን ፍጥነት የሚወስነው። በአዋሽም ቢሆን ያው ነው። ሳሩና ግራሩ በደህና ካለበት ቦታ ገብተው ብቻቸውን የቆሙትን ጥቂት ፕሮሶፒሶች መጀመሪያ መንቀል፤ ከዚያ ወደ ጫካው እየገፉ መሄድ። ንፁሑን መጠበቅ የተወረረውን ከማስመለስ ይቀላል።

አራተኛ፣ ፍሬውን መያዝ። የረገፈውን ቆባ ለቅሞ መፍጨት ይቻላል። ዘሩ አብሮ ከተፈጨ አይበቅልም፤ ዱቄቱም ከሌላ መኖ ጋር በልክ ሲቀላቀል ለከብት ይሆናል። ሳይፈጭ የበላውን መንጋ ደግሞ ወዲያው ወደ ንፁሕ ግጦሽ አለመውሰድ፤ ሳምንት ያህል በበረት አቆይቶ የጣለውን እበት ማቃጠል ወይም የበቀለበትን መከታተል ይገባል።

አምስተኛ፣ ራስን መጠበቅ። እሾሁ ቀላል አይደለም። ወፍራም ጓንትና ጠንካራ ጫማ ያስፈልጋል፤ ዓይንን መጠበቅ ያስፈልጋል። ሰንደል ጫማ ያደረጉ ልጆችን ትልቁ ዛፍ ሥር ማሰማራት አይገባም። የልጆች ድርሻ ቡቃያው ነው።

ስድስተኛ፣ መመለስ። አፈር ውስጥ የተደበቀ ዘር ስላለ አንድ ዓመት ነቅሎ ሄደ ማለት ጨረሰ ማለት አይደለም። በሚቀጥለው ዝናብም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም እየተመለሱ አዲስ የበቀለውን መልቀም ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሥራ ሁሉ አላህ ዘንድ ተወዳጁ፣ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ነግረውናል። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ መመሪያ አይገኝም።

ነቅሎ መተው አይበቃም

በአገራችን ከታዩት ስህተቶች ትልቁ ዛፉን መትቶ መሬቱን ባዶውን መተው ነው። ባዶ መሬት ለፕሮሶፒስ ግብዣ ነው። በተነቀለበት ቦታ የአገሩ ሳር ሊዘራ፣ ሳሩ እስኪይዝም ከብት ሊከለከል፣ ወይም መሬቱ ሊታረስ ይገባል። መሬቱ ሥራ ካልያዘ ዛፉ መልሶ ይይዘዋል።

ሁለተኛው የከሰል ጉዳይ ነው። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በገዋኔና በአሚባራ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው ፕሮሶፒሱን ቆርጠው ከሰል እያከሰሉ እንዲሸጡ ተሞክሯል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ መሬት ይፀዳል፣ ቤተሰብ ገቢ ያገኛል። ነገር ግን ሁለት ችግር ገጠመው። ብዙው ሰው ግንዱን ወስዶ ጉቶውን ተወው፤ ጉቶው እንደገና አቆጠቆጠ። በፕሮሶፒስ ከሰል ስምም የአገሩ ግራር አብሮ ተቆረጠ። የተፈለገው ሊጠፋ፣ ያልተፈለገው ሊበዛ ማለት ነው። አማና ከሌለ መልካም ዕቅድም ይበላሻል።

ሦስተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። መሬቱ ከተፀዳ በኋላ የማን ይሆናል? ድኻው እረኛ እሾሁን ነቅሎ ሌላው አጥሮ የሚይዘው ከሆነ ማንም ጉልበቱን አይሰጥም። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) በዘመናቸው ለከለሉት የጋራ ግጦሽ ጠባቂ ሲሾሙ የሰጡት መመሪያ በቡኻሪ ተዘግቧል። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ብቻ ያለው ድኻ እንዲገባ እንዲፈቅድ፣ የታላላቆቹን ሶሓቦች የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍንና የዑሥማን ኢብን ዐፋንን መንጋ ግን እንዳያስገባ አዘዙት። ምክንያቱም የእነርሱ ከብት ቢያልቅ ወደ አትክልታቸውና ወደ እርሻቸው መመለስ ይችላሉ፤ የድኻው ጥቂት ከብት ካለቀች ግን ልጆቹን ይዞ ኸሊፋው ደጅ መምጣቱ ነው። ከእሾህ ነፃ የወጣ መሬትም በዚሁ ፍትሕ መተዳደር ይኖርበታል። የጎሳ ሽማግሌዎች፣ የቀበሌ አስተዳደርና የመስጊድ ኢማሞች ከመነቀሉ በፊት በዚህ ላይ ቃል ሊገቡ ይገባል።

ከአገር ውጭም ምሳሌ አለ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ሥራ ያጡ ወገኖቿን ደመወዝ እየከፈለች ውሃዋን የሚመጡባትን ባዕድ ዛፎች አስነቅላለች። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ፕሮሶፒስ ብሔራዊ ስትራቴጂ ወጥቷል። ወረቀት ግን ሥር አይነቅልም፤ የሚነቅለው እጅ ነው።

ከተማ ያለን ምን እናድርግ?

ምናልባት አንዳንድ አድማጮቻችን ይህ የአፋሮች ጉዳይ ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም። ሙስሊም የሌላው ሕመም የራሱ ሕመም ነው። ከዚያም በላይ ይህ ነገር በየደጃችን አለ።

በድሬዳዋና በሌሎች ቆላማ ከተሞች ፕሮሶፒስ ዛሬም በግቢ ጥላና በአጥር መልክ ቆሞ ይታያል። ከግቢያችሁ ያለው ፍሬ ከመጣሉ በፊት ተነቅሎ በአገር በቀል ዛፍ ይተካ። ለፍየል ተብሎ ቆባውን በከረጢት ይዞ ከአገር አገር የሚጓዝ ካለ ይነገረው፤ የሚሸከመው ያልተፈለገ ዘር ነው።

በሐረር፣ በድሬዳዋ፣ በጅግጅጋና በሌሎችም ቦታዎች ደግሞ የወፍ ቆሎ የሚባለው ቁጥቋጦ አለ፤ የሳይንስ ስሙ ላንታና ካማራ ነው። አበባው ቢጫ፣ ብርቱካንማና ሐምራዊ ሆኖ ያምራል፤ ለአጥርም ይተከላል። ቅጠሉ ግን ከብትን ይመርዛል፤ ጉበቱን ይጎዳል፣ ቆዳውም ፀሐይ እንዳይችል ያደርገዋል። ጥቁር ፍሬውን ወፎች ይበሉና ዘሩን በየጫካው ይጥሉታል። እርሱም ቢሆን ከላይ ሲቆረጥ ስለሚያቆጠቁጥ ከነሥሩ ተቆፍሮ መውጣት አለበት። አጥር ሲያስፈልገን የአገራችንን ተክል እንምረጥ።

እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁን ይህን ዛፍ አሳውቋቸው። በየመድረሳው ያላችሁ ኡስታዞች፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ በመስጊዱና በመቃብር ስፍራው ዙሪያ የበቀለውን ቡቃያ ማስለቀም ትችላላችሁ። አንድ መንደር በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚለቅመው ቡቃያ፣ ቢተው ኖሮ ልጆቻቸውን ለዓመታት የሚያለፋ ጫካ በሆነ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው በኸንደቅ ጊዜ ከሶሓቦቻቸው ጋር አፈር ተሸክመዋል፤ ሆዳቸው እስኪለብስ ድረስ አቧራው ሸፍኗቸዋል። ከእርሳቸው በላይ ክብር ያለው የለም፤ እጃችን አፈር ነካ ብለን የምንሸማቀቅበት ምክንያትም የለም።

የአንድ አካባቢ ሕዝብ ይህን ሥራ በጋራ ቢይዘው ሁሉም ይድናል፤ ሁሉም ለሌላው ቢተወው ግን ጉዳቱ ለሁሉም ነው። እሾሁን ከመንገድ ያነሳውን ሰው አስቡት። የሚወጋው ሌላ ሰው እንጂ እርሱ አልነበረም፤ እርሱ አይቶታልና ማለፍ ይችል ነበር። ላላየውና ለማያውቀው መንገደኛ ብሎ ጎንበስ አለ። ዛሬ ቡቃያ የሚነቅል ሰውም ገና ላልተወለደ እረኛ ጎንበስ ይላል።

አላህ (ሱ.ወ) በጎ ሥራችንን ይቀበለን። የደረቀውን ግጦሽ ያለምልምልን። ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን ከችግር ያውጣልን፤ ጉዳትን ከሰዎች መንገድ ከሚያነሱት ባሮቹም ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።